ማሽኗ ምን በደለች?

"ድምፁ አልወጣም!"

ይቺን ዓረፍተ ነገር ቤቱ ቁጭ ብሎ ዘፈን ለመቅዳት ከሞከረ ጓደኛው አፍ ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። "ድምፁ አልወጣም፤ ማሽኗ ደካማ ናት፤ አጎቴ ለገና ሲመጣ ደህናውን ይዞልኝ ይመጣል።" አጎት ይመጣል። ደህናው ማሽንም በሹራብ ተጠቅልሎ ከሜሪላንድ ቦሌ ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ ልጁን ስታገኙት ግን ያው ነው፤ "ድምፁ አልወጣም!" አሁን የጎደለው ማይክ ነው። ማይኩ ሲገኝ ስፒከር ይሆናል። ስፒከሩ ሲሟላ ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መሐል ዘፈኑ የተጻፈላት ልጅ አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጇን መዋዕለ ሕፃናት ታስገባለች።

እኛ ይኼ ሰበብ ሰልችቶናል። ስለዚህ ዛሬ ለተከሳሿ ጥብቅና ቆመናል። ማሽኗ ንፁህ ናት። ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ስሙንም እየጠራን እንሄዳለን።

ስለየትኛዋ ማሽን እንደምናወራ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እንንገረው። መልቲትራክ ይሏታል። ክራሩን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ በየራሱ ትራክ ቀድታ የምታስቀምጥ፣ በኋላ ደግሞ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረጉ የሚያዋህዱባት ሳጥን ናት። ድሮ ይኼ ሥራ የሚሠራው ፍሪጅ በሚያህል ማሽን፣ ያውም ገንዘብ ባለው ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ነበር። በ1979 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምንቆጥረው) ታስካም የሚል ስም ያላት ፖርታስቱዲዮ 144 ገበያ ወጣች፤ በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ የምትቀዳ። ስቱዲዮ መኝታ ቤት ገባ ማለት ነው። በ1996 ሮላንድ ቪኤስ-880ን አመጣ፤ ስምንት ትራክ፣ ካሴት የለ፣ ሁሉም ነገር ወደ ቁጥር ተለውጦ ሃርድ ዲስክ ላይ። ከዚያ በኋላ ቦስ፣ ኮርግ፣ ዙም፣ ታስካም ራሱ፣ እየተቀባበሉ አሳነሷት፤ ሚሞሪ ካርድ ጎርሳ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ሆነች። መብራት በሄደ ቁጥር ከላፕቶፑ ይልቅ እሷን የሚያመሰግኑ ልጆች እናውቃለን። ላፕቶፕና ስልክ ላይ የሚጫነው የመቅጃ ፕሮግራምም የቅርብ ዘመዷ ነው፤ የምንለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል።

እሺ፣ ወደ ክሱ እንግባ። "ደካማ ናት" ማለት ምን ማለት ነው? ተራ ናት የምትሏት ዲጂታል ማሽን ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ትለካዋለች፤ ይኼ የሰው ጆሮ ሊሰማ ከሚችለው የላይኛው ጫፍ፣ ከ20,000 ኸርዝ፣ አልፎ ለመቅዳት ይበቃል። ባለ 16 ቢት ከሆነች በጸጥታውና በትልቁ ጩኸት መካከል ያላት ስፋት ወደ 96 ዲሲቤል ይደርሳል፤ ባለ 24 ቢት ከሆነች በስሌት 144። ካሴት ያለ ድምፅ ማጽጃ ከ50ዎቹ ብዙም አይዘልም ነበር። ስለዚህ አጎትህ ያመጣልህ "ደካማ" ማሽን፣ እናትህ በሽንኩርት አሳብባ ያለቀሰችበትን ካሴት በንጽሕና አስከንድቶ ይበልጠዋል። እናትህን ግን ያስለቀሳት ካሴቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለህ አስብበት።

ማስረጃ አምጡ ካላችሁን እናመጣለን። ቢትልሶች በ1967 "ሳጅን ፔፐር"ን የሠሩት ባለ አራት ትራክ ማሽኖች ላይ ነው። አራት! የአንተዋ ስምንት ወይ አሥራ ስድስት ይዛለች። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በጥር 1982 ኒው ጀርዚ ውስጥ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ያቺን ፖርታስቱዲዮና ሁለት ሹር ኤስኤም57 ማይኮች አስቀምጦ፣ ለባንዱ ማሳያ ይሆናሉ ያላቸውን ዘፈኖች ቀዳ። ካሴቷን ማቀፊያ እንኳ ሳያበጅላት ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞር ነበር። ከዚያ ትልቅ ስቱዲዮ ተገባ፣ ባንዱ ተሰለፈ፣ ዘፈኖቹ እንደገና ተሞከሩ፤ የኪሷን ካሴት የሚያክል አልተገኘም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ "ኔብራስካ" ተብላ የታተመችው ያችው ካሴት ናት። ቅርብ ጊዜውን ካላችሁ ቢሊ አይሊሽና ወንድሟ ፊኒያስ የ2019 አልበማቸውን ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት፣ በፊኒያስ መኝታ ክፍል ነው የቀዱት፤ በጥር 2020 የግራሚን ታላላቅ ሽልማቶች ጠራርገው ወሰዱ።

"እነሱ ፈረንጆች ናቸው" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። መልካም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖአቸው ፊት ተቀምጠው፣ እየዘመሩ፣ በተራ ካሴት መቅጃ ራሳቸውን ቀድተው አስቀመጡ። ትራክ የለ፣ ሚክስ የለ። እሳቸው በ2023 ኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ በ2024 "ሱቬኒር" ተብሎ በአልበም ወጣ። ያዳመጠው ያውቃል፤ ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ፣ የፒያኖው እንጨት ይንቋቋል። ማንም ግን "ድምፁ አልወጣም" አላለም። ኃይሉ መርጊያም አለ፤ የዋልያሱ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን እየደራረበ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቷ ተረሳች፣ እሱም ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ በ2013 እንደገና ስትታተም ዓለም ጉድ አለ፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ። አንድ ሰው፣ ጥቂት መሣሪያዎች፣ ድርብርብ ትራክ።

በእርግጥ እንዳንዋሽ፤ "ኔብራስካ"ን ወደ ሸክላ ለማሻገር ባለሙያዎች ፍዳቸውን አይተዋል፤ የቢሊ አይሊሽንም አልበም ሚክስ ያደረገው ባለሙያ ነው። ሙያ አያስፈልግም አላልንም። ሙያው ያለው ግን ሰውየው ጆሮ ውስጥ እንጂ አጎት ሻንጣ ውስጥ አይደለም ነው ያልነው።

አንደኛው ጥፋተኛ እነሆ፤ ክፍሉ።

የእኛ ሰው ሁለት ሺህ ጊዜ ስለ ማይክ ይጠይቃል፤ ስለ ግድግዳው አንድ ጊዜ እንኳ አይጠይቅም። ማይክ ግን ክፍሉንም ይቀዳል። በኮንዶሚኒየሙ፣ በሰርቪሱ፣ በቁጠባ ቤቱ ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል እናውቃለን አይደል? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሦስት ሜትር ተራርቀው ፊት ለፊት በተገተሩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለ ወፍራም ድምፅ ልክክ ብሎ ይቆማል፣ ያብጣል። ርዝመቷም ወርዷም እኩል ሦስት ሜትር ስለሆነ እብጠቱ ድርብ ነው። ለዚህ ነው ቤዝ ጊታሩ አንዷ ኖታ ላይ ሲደርስ ቤቱ የሚያጓራው፤ ቀጣዩዋ ላይ ደግሞ የሚጠፋው። ከላይ ያለውን ደግሞ ለማወቅ ክፍሉ መሐል ቆማችሁ አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ "ጥርርር" የሚል ነገር ከተከተለ፣ የዘፈናችሁ ድምፅ ላይ የምትሰሙት "ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ነገር" እሱ ነው። ማሽኗ የሰማችውን ተናገረች እንጂ የፈጠረችው የለም።

እዚህ ላይ የእንቁላል መያዣውን ጉዳይ ካላነሳን እንቅልፍ አይወስደንም። ማን እንዳስተማረን አናውቅም፤ ግን በከተማው ስንት ክፍል አለ ግድግዳው ሙሉ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ! ወገኖቻችን፣ የእንቁላል ካርቶን ድምፅ አያግድም። ጎረቤት አይሰማም ብላችሁ ከሆነ ጎረቤት በደንብ ይሰማችኋል። ቀጭኗን ድምፅ ትንሽ ያደበዝዛል፤ ወፍራሙን ንክችም አያደርገው፤ እሳት ሲነሳ ግን የሚስተካከለው የለም። በዚያ ፈንታ ቤት ውስጥ ያለውን ተጠቀሙ። ፍራሽ አለ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አለ፣ የአያት ጋቢ አለ፣ በልብስ የታጨቀ ቁምሳጥን አለ። ብርድ ልብሱን የምትሰቅሉት ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከማይኩ ኋላ ብቻ አይደለም። አብዛኛው የድምፅ ማይክ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ከፊቱ ያለው ዘፋኙና ከዘፋኙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ከዘፋኙ ጀርባ ይሰቀል፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ። ማይኩንም ከግድግዳው አርቁት፤ የክፍሉ ትክክለኛ መሐል ላይም አትትከሉት።

ክረምት ከገባ ደግሞ ጣራው ቆርቆሮ ለሆነ ሰው የሚመክረው የለም፤ ዝናብን ከትራክ ላይ የሚያጥብ ፕሮግራም አላየንም። አዲስ አበባ ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ቅዱ፤ አለቀ።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ቀይዋ መብራት ናት፤ ወይም በትክክል ለመናገር እሷን አይቶ የማይደነግጥ ሰው። በቴፕ ዘመን ሌቭሉን ገፋ አድርጎ ቀይዋን መነካካት ነውር አልነበረም፤ ቴፑ ሲጨናነቅ ድምፁን እንደ ማር ወፈር ያደርገዋል፤ የቴፑን ሽሽታም ይሸፍናል። ያንን ልማድ ከታላላቆቻችን ወርሰን ዲጂታል ማሽን ላይ ስናመጣው ግን ጉድ ፈላ። ዲጂታል ላይ ዜሮ ማለት ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ ቦታ የለም፤ የድምፁ ሞገድ አናቱ በመቀስ ይቆረጣል። ያ "ቀጭ" የሚለው ነገር በኋላ በምንም አይመለስም። ባለ 24 ቢት ማሽን ደግሞ በታች በኩል ቦታ ተርፎ ተትረፍርፏታል። ዘፋኟ ከሁሉ በላይ የምትጮህበትን ቦታ አስዘፍኗት፤ እዚያ ላይ መርፌዋ ከዜሮ በታች 12 አካባቢ እንድትቆም ጌይኑን ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ አትንኩት። "ድምፁ አነሰኝ" ካላችሁ የሄድፎኑን ቁልፍ አዙሩ። ለዚህ ነው የተሠራላችሁ!

ስለ ማይክ ያልነውን ያህል ከማይኩ ፊት ስለመቆም ማውራት ያስፈልግ ነበር። አፍን ማይክ ላይ ለጥፎ መዝፈን መድረክ ላይ ያምራል። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ድምፁ እንደ ጎሽ ይወፍራል፤ ምክንያቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰማ ማይክ ምንጩ ሲጠጋው ወፍራሙን ክፍል አጋንኖ ነው የሚቀዳው። "ፕ" እና "ጰ" ላይ ደግሞ ቦምብ ይፈነዳል። አማርኛችን ፈንጂ ፊደል የበዛበት ቋንቋ መሆኑን አንርሳ። አንድ ስንዝር ገደማ ራቅ፣ ማይኩን ከአፍ ፊት ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ማድረግ፤ ብር አያስወጣም። ሌላም የማይወደድ ነገር እንናገር። ኮንደንሰር ማይክ "የስቱዲዮ" ስለሚባል ሁሉም ይመኘዋል። ባልተስተካከለ ክፍል ውስጥ ርካሽ ኮንደንሰር ማለት ግን የሠፈሩን ውሻ፣ የጎረቤትን ቡና ወቀጣ፣ የደላላውን ስልክ ጨምሮ የሚቀዳ ሰላይ ማለት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያሉት ኤስኤም57 እና 58 የሚባሉት ዳይናሚክ ማይኮች ቀረብ ብሎ ለሚዘፍን ሰው፣ መጥፎ ክፍል ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ይበልጡታል። ስፕሪንግስቲን የተጠቀመበት ያው ራሱ መሆኑን ከላይ ተናግረናል።

አሁን ደማችን ወደሚፈላበት እንምጣ። ሪቨርብ!

ክፍሉ መጥፎ ሆኖ፣ ሌቭሉ ተበላሽቶ፣ ማይኩ ተለጥፎ የተቀዳ ድምፅ ሲያስጠላን ምን እናደርጋለን? ኢኮ እንደፋበታለን። ወጥ ሲያር በርበሬ እንደሚጨምር ሰው። ዘፋኟ ሽሮ ሜዳ ያለች ክፍል ውስጥ ሆና ከዋሻ የምትጣራ ትመስላለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማሽኗ በውስጧ ያለውን ኢፌክት እየቀዱ አብሮ ማተም ነው፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ይኼን ይፈቅዳሉ፤ አንዴ ትራኩ ላይ ከታተመ ግን ማውጣት የለም። ደረቁን ቅዱት። ዘፋኟ ሪቨርብ ካልሰማች ስሜት አይመጣላትም ከተባለ በሄድፎኗ ትስማ፤ ትራኩ ላይ አይግባ። በሚክስ ጊዜ ደግሞ ሪቨርቡን መኖሩ እስኪታወቅ ጨምሩና ከዚያ እስኪጠፋ መልሱት፤ እዚያ ላይ ተዉት።

ለእኛ ግን እውነተኛው ጉዳት ያለው ማሽኗ "ታጸዳለች" ተብሎ በሚጫኑ ቁልፎች ላይ ነው። በገናን ውሰዱ። በገና አሥር አውታር አለው፤ በየአውታሩና በድልድዩ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ ደረት የሚነዝር ንዝረት፣ ሰውን ጾም ላይ እንዳለ የሚያስታውሰው፣ የሚመጣው ከእሱ ነው። ድምፅ ማጽጃውን የሠራው መሐንዲስ ግን በገና አያውቅም። ለእሱ ያ ነዝናዛ ነገር የተበላሸ ኬብል ነው። ቁልፉን ስትጫኑት ማሽኗ ታዝዛ እንዚራውን ትፍቀዋለች፤ የሚተርፈው የታመመ ጊታር ነው። ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ የጭራው ፍግታ ከዜማው እኩል የማሲንቆው ድምፅ ነው፤ "ሽሽታ" ተብሎ ሲቆረጥ ሰምተን አዝነናል። ማይኩን ከቆዳው ፊት ሁለት ስንዝር ራቅ አድርጎ፣ ደህና ክፍል ውስጥ፣ ያለ አንዳች ቁልፍ መቅዳት ነበር ሥራው።

ድምፅ አቃኚውም አለ፤ ኦቶቲዩን። ከ1997 ጀምሮ ነው ገበያ የወጣው፤ በማግሥቱ ዓመት ሼር በ"ቢሊቭ" ዘፈኗ ዓለምን አለማመደችው። እንደ ቀልድ፣ እንደ ቀለም የሚጠቀምበት ሰው ላይ ጠብ የለንም። ግን ይኼ ነገር ያለ አሳቢ ሲከፈት የሚያውቀው የፒያኖውን 12 እኩል ደረጃ ነው። የእኛ ቅኝት በዚያ መሰላል ላይ ሁልጊዜ አይወጣም። አንቺሆዬን የሚያዜም ሰው በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚያርፍባቸው ቦታዎች አሉ፤ ስህተት ስለሆነ ሳይሆን ውበቱ እዚያ ስለሆነ። ማሽኗ ጎትታ ወደ ቅርቡ ቁልፍ ትወስደዋለች። አንገት እየሰበረ የሚወርድ እንጉርጉሮም ደረጃ ደረጃ ይሆናል። የሃያ ዓመት ልጅ የሴት አያቷን ዜማ አጥንታ ስትመጣ አንድ ቁልፍ "ተሳስተሻል" ይላታል። ማን ፈቀደለት?

ስለ ጩኸቱ ፉክክርም ሳንናገር አናልፍም፤ ግን ባጭሩ። "የእኔ ዘፈን ከሌላው እንዳያንስ" ብሎ ማስተሩን እስኪያብጥ መጨፍለቅ ዛሬ ትርፍ የለውም። ዩቲዩብ ከመጠን በላይ የሚጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። የጨፈለቅከው ዘፈን በመጨረሻ ከሌላው እኩል ነው የሚሰማው፤ አንተ ጋ ግን ከበሮው ሞቷል። ሚክስህን በሄድፎን ብቻ አትመን፤ በስልክ አጫውተው፣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱን ለምነህ አስከፍተው። ቃሉ እዚያ ከተሰማ ሁሉም ቦታ ይሰማል።

አንዳንድ ታላላቆቻችን ይኼን ሲያነቡ ከንፈራቸውን እንደሚመጡ እናውቃለን። "እንዴ ልጆቼ፣ ሁሉም ቤቱ ከቀዳ ስቱዲዮ ምን ይሁን? ሙያው ምን ይሁን?" ጋሼ፣ አክብሮታችን እንዳለ ነው። በ1969 አምኃ እሸቴ የመንግሥቱን የሸክላ ሞኖፖል ጥሶ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ሲከፍት ያኔም "ይኼ ልጅ አብዷል" ያሉት ነበሩ። እሱ ባይደፍር ዛሬ ወርቃማ ዘመን ብለን የምንኮራበት ድምፅ ግማሹ አይኖርም ነበር። መሣሪያው በጥቂቶች እጅ ብቻ ይሁን የሚል ክርክር አዲስ አይደለም፤ ሁልጊዜም የሚመጣው መሣሪያው ካለው ሰው ነው።

ይኼን የምንለው ደግሞ ለቀልድ ብቻ አይደለም። ከጓደኞቻችን መካከል የሚዘፍኑ ሴቶች አሉ። ለጀማሪ የሚሰጠው የስቱዲዮ ሰዓት ብዙ ጊዜ ሌሊቱ ነው። ሌሊት፣ ብቻዋን፣ በሩ ወፍራም በሆነ ክፍል፣ "እናግዝሽ" ከሚሉ ሦስት ወንዶች ጋር። "ዘፈንሽ እንዲያልቅ ከፈለግሽ አብረን እንራት እንብላ" የተባለችውን፣ እምቢ ስትል ትራኳ "ጠፋ" የተባለችውን እናውቃታለን። ስቱዲዮውን አንጠራም፤ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለን። ለእሷ ቤት ውስጥ ያለች ማሽን ማለት የምትቆልፈው የራሷ በር ማለት ነው። "ቤት ውስጥ የተቀዳ ነገር ድምፁ አይወጣም" የሚለው ወሬ በተደጋገመ ቁጥር እሷን ወደዚያ ሌሊት የሚመልሳት እሱ ነው። ስለዚህ ነው የተናደድነው።

ገንዘቡም ቀልድ አይደለም። ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2024 ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ለማንም አይነገርም። በዚህ ጊዜ አንድ ልጅ ደህና የምትሠራ ማሽኑን "ደካማ ናት" ብሎ ጥሎ ሌላ እንዲገዛ መምከር ግፍ ነው። በዚያ ገንዘብ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አበል ተከፍሎት ሙሉ ቀን ይቀዳል። ቀረጻ ሳያገኙ የሚያልፉ አዝማሪዎችና የበገና አባቶች በየአውራጃው አሉ። ስምንት ትራክ፣ ሁለት ማይክ፣ ባትሪ ድንጋይና ሁለት ብርድ ልብስ የያዘ ልጅ አንድ ሳምንት ቢዘምት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነገር ይዞ ይመለሳል። እነሱ ግን አጎት እስኪመጣ አይጠብቁም።

ከመለያየታችን በፊት አሮጌዎቹ ማሽኖች ላይ አንድ አስቸኳይ ነገር አለን። ከዚያ ዘመን የቀሩ ሮላንድ ቪኤሶች በየቤቱ ቁምሳጥን ላይ አቧራ ጠጥተው ተቀምጠዋል፤ ውስጣቸው ያላለቁ ዘፈኖች አሉ። ማሽኗ ድምፁን የምታስቀምጠው በራሷ ቋንቋ ነው፤ ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩት የሚነበብ ፋይል አታገኙም። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዘላለም አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ ከጀርባዋ ወይም ኃይል መስጫዋ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር ሳታስገቡ የእኛው 220 ላይ ብትሰኳት በዚያች ሰከንድ ትቃጠላለች፤ ዘፈኖቹም አብረዋት። ከተነሳች በኋላ በዲጂታል መውጫዋ ሁለት ሁለት ትራክ እያወጣችሁ ወደ ኮምፒውተር አስገቡ። ስምንቱ ትራክ አራት ጊዜ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ ማጫወት ይጠይቃል፤ አንድ የአምስት ደቂቃ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። አራቱን ዙር በኋላ እርስ በርሳቸው ለማስተካከል እንዲቀልላችሁ፣ መነሻው ላይ ባዶ ቦታ ካለ በየትራኩ አንድ "ጧ" የሚል ምት አስቀምጡ። ፋይሉን በዋቭ አስቀምጡት፤ ኤምፒስሪ አታድርጉት። አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን ሌላ ሰው ቤት።